እርጥበቱ ሳያልፍ

ባለፈው ክረምት የወንድሜ ልጅ ሀያት ከቆቦ ደወለችልኝ። ከሮቢት በታች ያለው መንደራችን ጎርፍ ገብቶበት እሷና ልጆቿ ከሌሎች ቤተሰቦች ጋር ትምህርት ቤት ውስጥ ተጠልለው ነበር። ሰው ደህና ነው፣ ከብቱም አብዛኛው ተርፏል አለችኝ። ደሴ ቤቴ ተቀምጬ አልሀምዱሊላህ አልኩ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "አክስቴ፣ አንቺ በደርግ ጊዜ እዚሁ ግቢ ተጠልለሽ ነበር አሉ። እንዴት ነው የሚኖረው?" ብላ ጠየቀችኝ።

የማውቀውን ነገርኳት። ከበሩ አጠገብ አታንጥፊ፣ የሚገባውም የሚወጣውም ሲረግጥሽ ያድራል። ከመስኮቱ ስርም አይሆንም፣ ካፊያው ይመታሻል። ጥጉን ካገኘሽ እንዳትለቂው። ገመድ ፈልጊ፤ ገመድ ካለ ነጠላም ቢሆን ትሰቅይበትና ልብስ የምትቀይሪበት ታገኛለሽ። ሽንት ቤት ሰው ሳይነሳ ድረሺ። የሰው ሳል፣ የሰው ማንኮራፋት፣ የሰው ልጅ ለቅሶ መጀመሪያ ያናድድሻል፣ ኋላ ትለምጂዋለሽ፤ የሰው ሳል ካልሰማሽ እንቅልፍ የማይወስድሽ ጊዜም ይመጣል። ለባልሽ ደግሞ የሚሠራው ነገር ፈልጊለት፤ ወንድ ልጅ መጠለያ ውስጥ ሲቀመጥ ነገር ያበጃል አልኳት። ሳቀች። እኔ ግን ለቀልድ አልነበረም ያልኩት።

ስልኩን ስዘጋ ደሜ ፈልቶ ነበር። በሀያት አይደለም፤ ከስንት ዘመን በፊት ባለፈ ነገር ነው። በዚህ ዕድሜዬ የደም ግፊት ኪኒን እየዋጥኩ በአንድ የድሮ ነሐሴ መናደድ ደግ አይደለም፤ ግን ይኸው እናደዳለሁ።

ያኔ አስራ አንደኛ ክፍልን ጨርሼ ለክረምት ቤት ገብቻለሁ። ከመንደራችን ቆቦ በየቀኑ ተመላልሶ መማር ስለማይቻል ትምህርት ሲከፈት ከአንዲት ባልቴት ቤት ጥግ ይዤ እቀመጥ ነበር፤ ኪራዩን አባቴ የሚከፍለው በጤፍ ነው። ከመንደራችን አስራ ሁለተኛ ክፍል የምትደርስ የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ እኔ ልሆን ነው። አባቴ ይህን በየገበያው ያወራል፣ እኔ ብቅ ስል ግን ወሬ ይቀይራል። በራሱ አፍ የነገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ "ጤፉ ከበቀለ ማትሪክሽን ትወስጃለሽ። ካልበቀለ እኔን አትጠይቂኝ።" አባቴ ሰይድ እንዲህ ነው፣ ቃል ይቆጥባል።

የራያን ቆላ ለማያውቅ ሰው ነገሩን ትንሽ ላስረዳ። እኛ ዘንድ ዝናብ አይታመንም። ዝናቡ የሚወርደው በምዕራብ በኩል ካለው ደጋ ላይ ነው፤ እኛ ጋ ሲደርስ ጎርፍ ሆኖ ነው የሚደርሰው። ሰማያችን ጥርት ብሎ፣ ፀሐዩ አናት እየበሳ፣ ከላይ የጉርምርምታ ድምፅ ይሰማል። የሌላ አገር ሰው ጎርፍ ሲመጣ ይሸሻል፤ የኛ ሰው ዶማ ይዞ ወደ ጎርፉ ይሮጣል። በድንጋይና በእሾህ በተሠራ ክትር ጎርፉን ከወንዙ ጠልፎ፣ በቦይ እየመራ ማሳውን ያጠጣል። ደንቡም የታወቀ ነው፤ የላይኛው መጀመሪያ ያጠጣል፣ ማሳው ሲጠግብ ለታችኛው ይለቃል። ከኛ በላይ ያለው ማሳ የአያ ባየ ነበር። አያ ባየ ክርስቲያን ነው፣ እኛ እስላሞች ነን፤ የአባቴና የእሱ አባቶችም በዚያው ቦይ ሲያጠጡ ነው የኖሩት። ባለቤቱ እታለም እኔ ስወለድ ከተቀበሉኝ ሴቶች አንዷ ናት።

ያን ዓመት ክረምቱ ዘግይቶ ነበር። ሐምሌን ሙሉ ሰው ሁሉ ወደ ምዕራብ እያየ ከረመ። ዱዓም ተደረገ፣ ምህላም ተያዘ። ነሐሴ ሲገባ ደጋው ጠቆረ፤ የሁሉም ቤት ወንድ ዶማውን ይዞ ክትሩን ያጠብቅ፣ የቦዩን አፍ ያሰፋ ጀመር። ጎርፉ የመጣው ወደ ማምሻው፣ ከዓስር ሰላት በኋላ ነው። እንዲያ ያለ ጎርፍ ከዚያ በፊት አላየሁም፣ ከዚያም ወዲህ እንዲያ ያለ ሰምቼ አላውቅም። ዛፍ ከነስሩ ይዞ ይመጣል። ክትሩን ደረማመሰና በቦዩ ሰተት ብሎ መጀመሪያ የአያ ባየን ቤት፣ ቀጥሎ የኛን ቤት ወሰደ። አባቴ ታናሽ ወንድሜን አዝሎ ወጣ። እናቴ ሌላው ሰው ሳጥንና ቁርበት ሲያወጣ እሷ የዘር ጤፉን ስልቻ አናቷ ላይ ጭና ወጣች። ሰው አልሞተብንም። ከጥማዶቻችን ግን የኛ አንዱ በሬ፣ የአያ ባየም አንዱ በሬ ተወሰደ።

ከዋናው መንገድ ላይ የጭነት መኪና አንስቶ ቆቦ ወሰደን፤ ያወረደንም እኔ የምማርበት ትምህርት ቤት ግቢ ነው። ክፍሎቹ በየመንደሩ ተደለደሉ። እኛ የደረሰን አስራ አንደኛ ክፍልን የጨረስኩበት ክፍል ነበር። ጥቁር ሰሌዳው ላይ የሒሳብ አስተማሪያችን የሰኔ ጽሑፍ በከፊል እንደጠፋ አለ፤ እዚያ ስር ፍየል ጠባቂ የነበረ ሽማግሌ ቁርበቱን አንጥፎ ይተኛል። ወንበሮቹ ጥግ ላይ ተደራርበው ልብስ ማድረቂያ ሆነዋል። ክፍሉ እርጥብ ጋቢና ላምባ፣ የተቀቀለ የእርዳታ ስንዴም ይሸታል። ስንዴውን መፍጫ ስላልነበረ ጠዋትም ማታም ንፍሮ ነው፤ ዛሬም ድረስ የስንዴ ንፍሮ ሲቀርብልኝ ጎረቤቴን አስቀይሜም ቢሆን አልቀምስም።

የመጠለያው አስተባባሪ ጓድ መኮንን የሚባል ከጎጃም የተመደበ ወጣት ነበር። ጠዋት ጠዋት በድምፅ ማጉያ ያስነሳናል፣ ስለ ንጽሕና ይናገራል፣ ስለ አብዮቱም ይጨምራል። ድምፁ ተዘግቶ ነበር የሚናገረው፣ እንቅልፍ የሚባል ያገኘ አይመስልም። ሰው አጥብቆ ይፈራው ነበር እንጂ ክፉ አልነበረም። ከብት ግቢ አይገባም ያለ እሱ ነው፣ የሁላችንም ከብት ከአጥሩ ውጪ ግራሩ ስር እንዲታሰር ቦታ የለየም እሱ ነው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። ጎርፍ ቤት ይወስዳል፤ በወሰደው ፋንታ ደግሞ ደለል ትቶ ይሄዳል። ያ ደለል ረጥቦ እያለ አንዴ ገልብጠው ጤፍ ቢበትኑበት ሌላ ዝናብ ሳያይ ያፈራል። ግን ጊዜ አይሰጥም። የቆላ ፀሐይ ነው፤ ትንሽ ከቆዩበት መሬቱ ይሰነጠቃል፣ ማረሻም አይገባው። ጤፉ በስልቻ አለ። ማሳው በእግር ተሂዶ ማታ የሚመለሱበት ነው። የጎደለው በሬ ብቻ ነበር፤ ለእሱም መላ አለው። ያገሬ ሰው አንድ በሬ ሲቀረው አንድ በሬ የቀረውን ሰው ፈልጎ ሁለቱን ያጣምራል፣ መቀናጆ ይባላል፣ አንድ ቀን ያንተን አንድ ቀን የእኔን እየተባለ ይታረሳል። በዚያ ግቢ ውስጥ አንድ በሬ የቀራቸው ሁለት ሰዎች ነበሩ። አባቴና አያ ባየ። የቀረው ሰው ወይ ሁለቱም በሬዎቹ አልቀውበታል፣ ወይ ጥማዱን ይዞ የራሱን ለማድረስ ይሮጣል።

አባቴና አያ ባየ ደግሞ አይነጋገሩም።

አባቴ እንደሚለው አያ ባየ ለቤቱ ፈርቶ የቦዩን አፍ ወደኛ ከፍቶታል። አያ ባየ እንደሚለው ደግሞ አባቴ ለውሃ ስስታም ሆኖ በዚያው ቀን ጠዋት ቦዩን አስፍቶታል፣ ጎርፉን የጠራው እሱ ነው። ሁለቱም ቤት አልባ ሆነው፣ በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በእናቴ ነጠላ ተጋርደው ጀርባ ለጀርባ ተኝተው ነው ይህን የሚሉት። ለዚያውም እርስ በርሳቸው አይደለም፤ አንዱ ለጣራው ይናገራል፣ ሌላው ለግድግዳው ይመልሳል። እኔ መሀል ላይ ሆኜ እሰማለሁ። ሴቶቹ ግን አልተኳረፉም። እናቴና እታለም አብረው ወረፋ ይይዛሉ፣ እኔም ለሁለቱ በሬዎች አንድ ላይ ሣር እያጨድኩ እጥላለሁ። በሬዎቹም ከአንድ ክምር ይበላሉ። ከባለቤቶቻቸው በሬዎቹ ይሻሉ ነበር።

አባቴን ለመንኩት። "አባ፣ ለጊዜው ጥመዱና ኋላ ትጣላላችሁ" አልኩት። አልሳቀም። ከተኳረፉት ሰው ጋር የተጠመደ በሬ በረካ የለውም፣ የተዘራውም አይባረክም አለኝ። እናቴም በዚህ ከእሱ ጋር ናት። ለእታለም ብነግራት እሷም አንገቷን እየነቀነቀች ልክ ነው አለች። ይህን እምነት እኔም አውቀዋለሁ፣ በእሱ ነው ያደግኩት፤ ግን እምነቱን የማውቀውን ያህል መሬቱንም አውቀዋለሁ። ጓድ መኮንን ነገሩን ሰምቶ ጠራቸውና፣ ሂዱ እረሱ፣ ማን ከለከላችሁ፣ ማታ እስከተመለሳችሁ ድረስ ስንዴያችሁ አይቀርም አላቸው። ሁለቱም እሺ ጓድ ብለው ወጥተው በተለያየ በር ሄዱ።

ከዚያ ሽማግሌ ገባ። ሼህ እንድሪስና ቄስ ወልዴ ናቸው፣ መንደራችን ውስጥ እነሱ የሌሉበት እርቅ የለም። አውጫጭኝ ይቀመጥ አሉ፤ ይህም ሰው ሁሉ ተሰብስቦ የሚያውቀውን የሚያወጣበት የቆየ ደንብ ነው። በደህናው ጊዜ አውጫጭኝ ሲቀመጥ ሰው እርሻዬ፣ ከብቴ እያለ ስለሚጣደፍ ቶሎ ያልቃል። መጠለያ ውስጥ ግን ማንም የሚሄድበት የለውም። ከባንዲራው ስር ጠዋት ይቀመጣሉ፣ ፀሐይ ሲበረታ ወደ ኮሪደሩ ይሸሻሉ፣ ንፍሮ ሲታደል ይነሳሉ፣ በልተው ይመለሳሉ። አንዱ ተነስቶ ስለ ጎርፉ ሳይሆን ስለ አያ ባየ አያት ይጀምራል። ሌላው ክትሩን መጀመሪያ የሠራው ማን እንደሆነ ያነሳል፤ በዚያ ላይ ክርክር ይነሳና ለነገ ይቀጠራል። ከሌላ መንደር የመጡ ሰዎች ሳይቀሩ እየመጡ ያዳምጡ ነበር። ሥራ የፈታን ሰው እንደ ሌላ ሰው ጸብ የሚያጽናናው ነገር የለም።

እኔ በየማለዳው ከአጥሩ ውጪ ወጥቼ መሬቱን አያለሁ። የእኛ ማሳ ከዚያ አይታይም፤ ግን ግራሩ ስር ያለው ጭቃ ነበር የሚነግረኝ። መጀመሪያ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ያሰምጠኝ ነበር። ኋላ የጫማዬን ቅርጽ ብቻ ያዘ። ከዚያ ጠንክሮ የበሬዎቹ ኮቴ እንደታተመበት ቀረ፣ አቧራም ጀመረው። የክፍል ጓደኞቼ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ምድባቸውን ሊያዩ በትምህርት ቤቱ በር ሲገቡ፣ የእርዳታ ወረፋ ላይ ሲያዩኝ ሰላም ለማለት ያፍራሉ። እኔም አላየሁ መስዬ ዞር እላለሁ።

አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀና ሼህ እንድሪስን ውዱእ ሲያደርጉ ጠብቄ ያዝኳቸው። ሴት ልጅ በሽማግሌ ነገር አትገባም፤ ይሁን እንጂ እሳቸው ለልጅ የሚመቹ ሰው ነበሩ።

"አባ ሼህ፣ ያን ቀን ጠዋት ሁለቱም ሲቆፍሩ በዓይኔ አይቻለሁ። አባቴም ቦዩን ሲያሰፋ ነበር፣ አያ ባየም ሲያሰፋ ነበር። ለምን አትነግሯቸውም?" አልኳቸው።

እግራቸውን እያበሱ ቀና ብለው አዩኝ። "ልጄ፣ ይህን የማያውቅ ሰው እዚህ ግቢ ውስጥ አለ? ሁላችንም እናውቃለን። እኛ የምንጠብቀው ራሳቸው እስኪሉት ነው። ሌላ ሰው የነገራቸው ነገር ቂም አያወጣም።"

"መሬቱስ እስኪሉት ይጠብቃል?"

"አብሽሪ" አሉኝ። "መሬቱ የአላህ ነው።"

ሁሉም ያውቃል! ያን ሁሉ ቀን ያዳመጥኩት የአያቶች ታሪክ፣ የክትሩ ክርክር፣ የነገ ቀጠሮ ሁሉ፣ ማንም የሚፈልገው ነገር ስለጠፋ አልነበረም። የሚታወቀውን ነገር ሁለት ሰው እስኪለው ነው ግቢው በሙሉ የተቀመጠው። ሼህ እንድሪስ ትልቅ ሰው ነበሩ፣ አፈሩን ገለባ ያርግላቸው፤ ምናልባትም ልክ ነበሩ። ግን ያን ቀን በውስጤ ያልኳቸውን እዚህ አልጽፈውም።

የተባለውም ሐሙስ ቀን ተባለ። ምንም አዲስ ነገር ሳይመጣ፣ አዲስ ምስክር ሳይነሳ፣ አባቴ ተቀምጦበት ከነበረው ድንጋይ ሳይነሳ፣ "እኔም ቆፍሬያለሁ" አለ። አያ ባየም፣ "እኔም" አለ። በቃ፣ ይህቺው ናት። ከዚያ በደንቡ መሠረት ሁለቱም ድንጋይ ተሸክመው ይቅር በለኝ ሊሉ ተነሱ፤ ሁለቱም በዳይ ስለሆኑ ሁለቱም ድንጋይ ተሸክመው መሀል ላይ ተገናኙና የሚያወርድላቸው ተበዳይ ጠፍቶ ቆሙ። ሽማግሌዎቹ አወረዱላቸው። ጉልበት ለጉልበት ተሳሳሙ። ሼሁ ዱዓ አደረጉ፣ ቄሱ መረቁ፣ ሴቶቹ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፣ ግን በደስታ አልነበረም።

ነገ ማለዳ ይጠመዳል ብዬ ስልቻውን አዘጋጀሁ። አባቴ ሲያየኝ፣ "ነገ እኮ ጁምዓ ነው" አለኝ። ጁምዓ በኛ ቤት በሬ አይጠመድም። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ለአያ ባየ ሰንበት ነው። እሺ ሰኞ አልኩ። ሰኞ ማርያም ሆነች። ይህን ጊዜ አባቴን፣ ማርያም ላንተ ምንህ ናት፣ ቢያንስ አንተ ብቻህን ድንጋዩን ልቀም ብለው፣ ማርያምን እኔም አልደፍርም፣ በረዶ ይወርዳል አለኝ። የወሎ ሰው እንዲህ ነው፤ የራሱን በዓል ያከብራል፣ የጎረቤቱንም ጨምሮ ያከብራል። ሌላ ጊዜ በዚህ እኮራለሁ። ያን ሰኞ ጠዋት ጓድ መኮንን በድምፅ ማጉያው ገበሬው በበዓል ብዛት ምርት እያባከነ ነው፣ ይህ ኋላ ቀርነት ነው ሲል በሕይወቴ ለመጀመሪያም ለመጨረሻም ጊዜ ከካድሬ ጋር ተስማማሁ።

ማክሰኞ ወጡ። እናቴ ጉልበቷን ያማት ስለነበር ስልቻውን ይዤ የተከተልኩት እኔ ነኝ። ሁለቱ ሰዎች በሬዎቹን እየነዱ ከፊቴ ይሄዳሉ፤ አንዱ አንዱን አስቀድሞ ለማሳለፍ በየቦዩ ይቆማሉ። አንተ እለፍ፣ የለም አንተ እለፍ። ከኔ በቀር የሚጣደፍ አልነበረም።

ማሳው ስንደርስ ያየሁትን አልረሳውም። የአያ ባየ የላይኛው ማሳ ነጥቶ እንደ ደረቀ ቂጣ ተሰነጣጥቋል። የኛም አብዛኛው እንዲያው ነው። አባቴ ሞፈሩን ጫን ብሎ ሞከረው፤ ማረሻው ላዩን ጭሮ ይሄዳል እንጂ አይገባም። በሬዎቹም ከስተዋል፣ ጥቂት ጎትተው ይቆማሉ። ዝቅ ብሎ ግን ሁለቱ ማሳዎች በሚገናኙበት ረባዳ፣ ውሃው ቆይቶ የተኛበት፣ አንድ ቁራጭ መሬት ገና ጥቁር ነበር። አባቴ እጁን ከተተበትና አፈሩን ጨብጦ ከፈተው። አፈሩ አልተበተነም። "ይህ ይይዛል" አለ። ለአንድ ቤት ይበቃ ነበር።

የድንበር ድንጋዮቹን ጎርፉ ወስዷቸዋል። ቁራጩ መሬት የማን እንደሆነ የሚያሳይ ምልክት የለም። ባገራችን ለአንድ ክንድ ድንበር ሰው ይገዳደላል። እነዚህ ሁለቱ ግን በታረቁ በአምስተኛው ቀን መሬቱ ያንተ ነው መባባል ጀመሩ።

"ድንበሩ ከዚች ቁጥቋጦ ወዲህ ነበር፣ አያ ሰይድ። ይህ ያንተ ነው፣ ዝራበት" አለ አያ ባየ።

"ወላሂ ከዚያ ወዲያ ነበር። ያንተ ነው" አለ አባቴ።

"በማርያም ያንተ ነው።"

አንዱ በአላህ ይምላል፣ አንዱ በማርያም ይገዘታል። ቁጥቋጦ ወደ ቁጥቋጦ ይሄዳሉ፣ ይለካሉ፣ የአባቶቻቸውን ድንበር ይጠራሉ። መጀመሪያ ደግነት መስሎኝ ቆሜ አየሁ። ፀሐዩ ከፍ አለ። በሬዎቹ ቀንበራቸውን እንደተሸከሙ ቆመው ዝንብ ያባርራሉ። በዓይኔ እያየሁት የጥቁሩ መሬት ጠርዝ መንጣት ጀመረ። በዚያን ጊዜ ሁሉም ነገር አንድ ላይ መጣብኝ፤ አውጫጭኙም፣ ጁምዓውም፣ ሰንበቱም፣ ወረፋው ላይ ያፈሩብኝ ጓደኞቼም።

"እናንተ ስትገባበዙ መሬቱ እየደረቀ ነው" አልኩ። ድምፄ እንዴት እንደወጣ አላውቅም፣ በሬዎቹም ዞረው አዩኝ። "ስትጣሉም ደረቀ፣ ስትታረቁም ደረቀ። የማንም ይሁን፣ ዝሩት።"

ለአባት እንዲህ አይባልም። በሌላ ሰው አባት ፊትማ ጭራሽ። መልስ ሳልጠብቅ ስልቻውን ፈታሁና ካልታረሰው ጭቃ ላይ ጤፉን በእፍኜ እየበተንኩ መሄድ ጀመርኩ። ዘር መበተን የወንድ ሥራ ነው፤ እንዴት እንደሚበተን ግን ሲያዩ ካደጉ የሚከብድ አይደለም። ጥቂት እንደሄድኩ ከኋላዬ የጅራፍ ድምፅ ሰማሁ። እየገለበጡ ተከተሉኝ። አንዳቸውም አልተቆጡኝም። የዘራነውም የሁለቱም ሆነ።

ጤፉ በቀለ፣ አፈራም። ግን ለአንድ ቤት የሚበቃው ለሁለት ተከፈለና ለሁለቱም ሳይበቃ ቀረ። መከሩ ሳይደርስ ደግሞ፣ መስከረም ላይ ክፍሎቹ ለተማሪ ስለሚያስፈልጉ ቤት ያልሠራነውን ሰዎች ከኳስ ሜዳው ጥግ በሸራ ድንኳን አሰፈሩን። እርዳታውም በነጻ መሆኑ ቀረ፤ ከየቤቱ አንድ ሰው እርከን እየሠራ ስንዴ ይቀበላል ተባለ። አባቴ የፈረሰውን ቤት ሊሠራ መንደር ዋለ፣ እናቴ ጉልበቷ አይችልም፣ ወንድሜ ሕፃን ነው። ድንጋይ ተሸካሚዋ እኔ ሆንኩ። ድንጋዩን የምናመላልሰው በትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ ነበር፣ በአስራ ሁለተኛ ክፍል መስኮት ስር።

አንድ ጠዋት ድንጋይ ተሸክሜ ሳልፍ አስተማሪው ስም ይጠራል። በሰኔ ተመዝግቤ ስለነበር ስሜ ከመዝገቡ አልተሰረዘም። "አሚናት ሰይድ" አለ። ደግሞ ጠራኝ። "የለችም" አለ አንድ የማውቀው ድምፅ። ከመስኮቱ አንድ ክንድ የምርቅ አይመስለኝም። አፌን ከፍቼ ነበር፤ ከዚያ ከኋላዬ ያለው ሰው እለፊ፣ መንገድ ዘጋሽ አለኝና አለፍኩ።

ማትሪክን ኋላ ወሰድኩ፣ አስተማሪም ሆንኩ፤ አላህ ይመስገን፣ ማማረሬ ለእሱ አይደለም። አባቴና አያ ባየ እስኪሞቱ ድረስ ወንድማማች ሆነው ኖሩ። አንዱ ሲቀበር ሌላው ቃሬዛ ተሸክሟል። ዛሬ ልቅሶ ላይም ሰርግ ላይም የሁለቱ እርቅ ይወራል፤ ሁለቱም ድንጋይ ተሸክመው መገናኘታቸው፣ መሬቱ ያንተ ነው መባባላቸው። የሚሰማው ሁሉ ድሮ ሰው እንዲህ ነበር እያለ ከንፈሩን ይመጥጣል። ወሬው እውነት ነው፣ ውሸት የለበትም። እኔም እንዲህ ያለ አባት ስለነበረኝ ደስ ይለኛል። ብቻ ከንፈር ከሚመጥጡት ውስጥ ስለ እርጥበቱ አንድ ሰው እንኳ ሲጠይቅ ሰምቼ አላውቅም። ያን ያህል ጊዜ በማን ላይ እንዳለፈ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ መሰለኝ።

በማግስቱ ለሀያት ራሴ ደወልኩላት። ልጆቹ እንዴት አደሩ አልኩ፣ ጥግ አገኘሽ አልኩ። አግኝቻለሁ፣ ገመድም ተገኝቷል አለችኝ። ከዚያ ማሳው ረጥቧል ወይ ብዬ ጠየቅኳት።

"ረጥቧል፣ አክስቴ። ደለሉ ጥሩ ነው ይላሉ።"

"ታዲያ ባልሽ የት ነው?"

"ከጎረቤት ጋር ትንሽ ነገር ነበራቸው። ሽማግሌ ተቀምጧል" አለችኝ።

ስልኩን ይዘሽ ሂጂና ለሽማግሌዎቹ አቀብያቸው አልኳት።